ሚክዳድ እስኪመጣ ድረስ

ጥር 11 ቀን 2014፣ ነገሌ

ባሌ ሚክዳድ ጠዋት አዲስ አበባ ሄደ። ኮሮላችን ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተሰቅላ፣ የፊት ግራ ጎማዋ ወልቆ፣ የፊት ጥርሷ እንደወለቀ ልጅ ቆማለች። ሳምንቱን ሙሉ መሪዋ በተጠመዘዘ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ስትል ከረመች። ባሌ እንደ ልማዱ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ዝም አላት። ከትናንት ወዲያ ከወደራ ከተማ ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሞተሩ እያጓራ ጎማው አልዞር አለ። ተሳፋሪዎቹ እየገፉ አወጧት።

መካኒኩ ቦናያ ከሥሯ ወጥቶ እጁን በናፍጣ እየታጠበ፣ «አክስሉ ነው ሸምሳ። የሞተሩን ጉልበት ጎማው ድረስ የሚያደርሰው ብረት። መገጣጠሚያው ውስጥ ያሉት ኳሶች ተፈጭተዋል፣ ይሄ አይጠገንም» አለኝ። ነገሌ ተፈልጎ የለም። ዶሎ ኦዶ ተደውሎም የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ።

እኔ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጎረቤታችን ሲስተር ዘርፌ የደም ግፊቴን ለክታ ፊቷን ቅጭም አደረገች። ያለፈውን ልጅ ያጣሁት በዚሁ በግፊት ነው። ያኔ የአባቴን መርዶ ድንገት ነግረውኝ ወደቅኩ፣ በማግስቱ ልጁ የለም። አሁን ሱቅ የለም፣ ገበያ የለም፣ ለቅሶ ቤት የለም። ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ የጣራ ቆርቆሮ ማየት ነው ሥራዬ።

ሲወጣ፣ «አንቺን ለዘርፌ፣ መኪናዬን ላንቺ» ብሎ ሳቀ። ከእኔና ከመኪናዋ ለማን እንደሚያስብ ብጠይቀው፣ «ለማትናገረው» አለኝ። ባለጌ።


ጥር 14

ነገሌ ውስጥ የቆመች መኪና የሁሉም ናት። አንዱ ሾፌር ዕቃ ሲሰበርበት የማን መኪና እንደቆመች ያጠያይቅና በሩ ላይ ይመጣል። ሰላምታው ይረዝማል፤ አካም፣ ናጋ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ከዚያ፣ «የእኔ እስኪመጣ ድረስ» ይላል። እምቢ አይባልም፤ ነገ አንተም መንገድ ላይ ትቀራለህ። ሚክዳድ ራሱ ከስንቱ ግቢ ስንት ዕቃ ተውሷል።

የሚክዳድ ጓደኛ ጋሮማ ባትሪውን ወሰደ። አንድ የፊልቱ ሾፌር ክሪኩን ወሰደ። የራሷን ኮሮላ የኋላ ወንበር ነቅላ የግመል ወተት የምታመላልሰው ዲንቄ ደግሞ ስኮርታ ጎማውን አስጭና፣ «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ሚክዳድ እስኪመጣ ድረስ ብቻ» ብላ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ዘርፌ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ሲመለስ መሪዋን ካገኘ እድለኛ ነው» አለች።


ጥር 17

ደወለ። አክስሉን ሶማሌ ተራ አገኘው። ግን ካርቶኑ ውስጥ ትናንሾቹ ዕቃዎች የሉም፤ ሻጩ አሮጌዎቹን መልሰህ እሰር፣ ማንም የሚያደርገው ነው ብሎታል። ትናንሾቹ ምን እንደሆኑ ጠየቅኩት። ስለ መኪና ሲያወራ ድምፁ ልጅ ይሆናል፤ ለዚያም ነው የምጠይቀው።

ጎማው መሃል ላይ አክስሉን የሚይዝ ትልቅ ዳዶ አለ። ከጠበቀ በኋላ እንዳይፈታ ከንፈሩ በመዶሻ ይመታና ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በሌላው ጫፍ፣ ካምቢዮው ውስጥ ጠቅ ብሎ የሚይዝ የሽቦ ቀለበት አለ። ከዚያ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደው ጎማ፣ ፓራኦሊዮው። ሦስቱም አንዴ ብቻ ናቸው። ከተፈቱ ይጣላሉ። «የተመታውን ዳዶ ፈትቼ መልሼ ባስረው ጎማው አንድ ቀን ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል» አለኝ።

ቀጥሎ፣ «ግን ናፍቃችሁኛል ሸምሲ። ለአሁኑ አሮጌዎቹ ይበቁ፣ አክስሉን ይዤ ልምጣ?» አለ።

እምቢ አልኩት። «የሰው ልጅ ነው የምትጭነው። ቁምና ፈልግ። ሁለት ቀን ብትጨምር አትሞትም» አልኩት።

አክስሉን አስቀድሞ በአውቶቡስ ሊልከው ነው።


ጥር 19

አክስሉ መጣ። ረዳቱ ተሸክሞት ገብቶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። በካርቶንና በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ክብደቱ የሁለት ዓመት ልጅ። ቦናያ እጁን በላው፣ «በአሮጌው ዳዶ ልሰረው?» አለ። ሚክዳድ አዲሱን እስኪያመጣ አይነካም አልኩ።


ጥር 20

ጋሮማ ደግሞ መጣ! የእሱም ኮሮላ በግራ በኩል ያው በሽታ ያዛት። ለሚክዳድ ደውሎ የራሱን አዟል፤ በሳምንት ይደርሳል። እስከዚያ የእኛን ሊወስድ። ሚክዳድን በስልክ ጠየቅኩት፣ «ስጪው፤ የእሱ ልጆች ከመኪናዋ ነው የሚበሉት» አለ። ዳዶውስ አልኩት ጋሮማን። «እኔ ሽንኩርት ነው የምጭነው፣ ሽንኩርት አይከሰኝም» ብሎ ሳቀ። በአሮጌው ዳዶ አስሮ ሄደ።


ጥር 21

ሚክዳድ ትናንሾቹን ሁሉ አገኘ! ነገ አውቶቡስ የለም፤ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ወደ ነገሌ ስለሚመጣ በእሱ ይመጣል። ሰኞ ማታ እዚህ ነው። ለልጃችን ለኢክራን ጫማ ገዝቷል። ለእኔስ? «ዳዶ» አለኝ።


ጥር 23፣ ሰኞ

ሩዝ በግመል ሥጋ ሠራሁ፣ ዘርፌ እየተቆጣችኝ። ሂና ተቀባሁ። አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው።


ጥር 24

አልመጣም።

የሚክዳድ ታላቅ ወንድም ዓብዱልመጂድ መጡ። አልቀመጥም አሉ። ኮሮላዋ አጠገብ ቆመው ጣራዋ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ። «አይሱዙው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ኔትዎርክ የለም» አሉ። የት ጋ ብላቸው፣ «ወዲያ ነው» አሉ። እኔን «አንቺ እረፊ» ብለው ኢክራንን ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ልጅቷ በደስታ ሄደች፤ እዚያ ቴሌቪዥን አለ።

ዘርፌ ግፊቴን ለካች። ምን ያህል ነው ብላት አልነገረችኝም። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።


ጥር 27

አዮ፣ የሚክዳድ እናት፣ ከዶሎ ኦዶ ዱብ አሉ። መውለጃዬ ገና ሩቅ ነው። «ላርስሽ መጣሁ» አሉኝ። ምን ሊያርሱ ነው፣ እኔ ገና መች ወለድኩ?

ዓይናቸው ደም መስሏል። የመንገዱ አቧራ ነው አሉ። ዘርፌ የዓይን ቅባት አመጣችላቸው። ተቀብለው ትራስ ሥር ከተቱት። ድሮ እኚህ ሴትዮ ገና በር ላይ ሆነው ነበር የሚነቅፉኝ፤ ድስቱ፣ መጋረጃው፣ የልጅቷ ፀጉር። አሁን አንዲት ነገር አላሉም። የሂናዬን እጅ ይዘው ሲያዩት ቆዩና ለቀቁት። አርጅተዋል ማለት ነው።


የካቲት 4

ጁምዓ ስለሆነ ኢክራን መጣች። «አጎቴ ቤት ሰው ሞልቷል፣ ወንዶቹ ቁርአን ይቀራሉ፣ ለእኔ ቴምር ሰጡኝ» አለች። አዮ ቶሎ ብለው፣ «ለዝናብ ነው፣ ለዝናብ ዱዓ እያደረጉ ነው» አሉ።

አላህ ይቀበላቸው። ከተማው ጠርዝ ላይ የሞተ ከብት ይሸታል ይላሉ። ዲንቄ ግመሎቹም ወተት እየነሱ ነው አለች። እኔም ተጋድሜ አሚን አልኩ።


የካቲት 6

ዓብዱልመጂድ ወሬ ይዘው መጡ። ስልኩ ተሰርቋል። አይሱዙው ሲቀርበት ከሌላ ባለመኪና ጋር ተዋውሎ ወደ ጅማ ጭነት ይዞ ሄዷል። «ሥራ ካገኘ ይሥራ እንጂ» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። በሰው ስልክ ደውሎ ሰላም ብሎኛል አሉ።

እሳቸው ጋ ደወለ? እኔ ጋ ሳይሆን? የእኔን ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ሲያገባኝ ነው በቃሉ ያጠናው።

«ምን አለ፣ ቃል በቃል ይንገሩኝ» አልኳቸው። «ደህና ናት ወይ አለ።» ሚክዳድ እንደዚህ አይልም። «ያቺ ነዝናዛ እንዴት ናት» ነው የሚለው።


የካቲት 10

ክሪኩ ተመለሰ። የፊልቱው ሰውዬ አጥቦና ቅባት ቀብቶ አምጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠው። ግባ ብለው አልገባም። የእሱ ተገዛ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «አይ፣ ይሁን፣ ይቀመጥ» አለ። ደግ ሰው ነው። እኔ ግን ስሙን እንኳ ሳልጠይቅ ስሰጠው ሌባ ይሆን ብዬ ነበር።


የካቲት 15

ዛሬ ደግሞ ዲንቄ ስኮርታ ጎማውን። ከላዩ ላይ አንድ ጀሪካን ወተት። በዚህ ድርቅ! አቀፈችኝ፣ ጠበቀብኝ፣ ሆዴን እየጠበቅኩ ሳቅኩ። «ሚክዳድ እኮ ገና አልመጣም፣ ምን አስቸኮለሽ?» አልኳት። «በሰው ዕቃ መሄድ ከበደኝ» ብላ ፊቷን አዞረች።

በሩ ላይ ከአዮ ጋር በኦሮምኛ ሲንሾካሾኩ «ወደራ» የሚል ሰማሁ። አዮን ስጠይቃቸው፣ ወደራ የወተት ገበያ ጥሩ ነው አሉኝ። አዮና የወተት ገበያ!


የካቲት 21

ባትሪው ተመለሰ። ጋሮማ ራሱ ገጥሞት ሞተሩን አስነስቶ አሰማኝ። ድምፁን ስሰማ ሆዴ ውስጥ ያለው ተገላበጠ። መኪናዋ እየሞላች ነው። ሚክዳድ ሲመጣ የሚያገኘው መሪዋን ብቻ አይደለም፣ ዘርፌ አፈረች። ሰዉ ሁሉ የመለሰው መምጫው ስለደረሰ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ከእኔ ደብቀው ሊያስደንቁኝ ይሆናል። ሁሉም ሲያየኝ ዝም የሚለው ለዚያ ነው። ማታ ይህን እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ስል አዮ ዓይተውኝ ወደ ፍየሎቹ በረት ወጡ። ብዙ ጊዜ ወደዚያ ይወጣሉ። ፍየል እንዲህ ይወዱ እንደነበር አላውቅም።


የካቲት 28

አልመጣም። ማንም ሊያስደንቀኝ አይደለም።

እግሬ አብጧል። ዘርፌ ጨው ከለከለችኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ደጁ ላይ ቆማ፣ «ምስኪን፣ እሷ ናት?» ስትል ዘርፌ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት።

ምስኪን የምባለው ባሌ ጥሎኝ ስለሄደ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ጅማ ውስጥ አንዷ ጋ ገብቷል።


መጋቢት 3

ሰው አብዷል። ጋሮማ አክስሉን መለሰ።

የራሱ አልመጣም እኮ! ይህን ለመመለስ መኪናውን ድንጋይ ላይ ሰቅሎ፣ ጎማውን አውልቆ፣ ዳዶውን ፈትቶ ነው ያወጣው። ሽንኩርቱስ? ልጆቹስ? አሁን እሱ በእግሩ ይሄዳል፣ የእኛ አክስል እዚህ ካርቶን ላይ ተጋድሟል። «ማን መልስ አለህ?» ብዬ ጮህኩበት። መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ በጨርቅ እየወለወለ፣ «እንቅልፍ ነሳኝ» ብቻ አለ። ይህ የሚያሽካካ ሰውዬ አንዴም አልሳቀም። ከሚክዳድ ጋር ተጣልተዋል መሰለኝ። ጅማ ያለችውን ሴት አውቆ ተጣልቶት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጋሮማ የእኔ ወገን ነው፤ ሻይ አፈላሁለት። ሁለት ጊዜ ከአፉ አስነክቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።


መጋቢት 13

ዛሬ መኪናዋ ተሠራች።

ቦናያ ጠዋት መጣ፣ በእጁ ትንሽ ፓኬት። «ትናንሾቹ ዕቃዎች ናቸው፣ ሚክዳድ... ከሚክዳድ ነው» አለ። ወረቀቱ ጥጉ ተቀዷል፣ ሲሚንቶ ቦኖበታል። በስክሪብቶ «የግራ» ተብሎበታል፤ የሚክዳድ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ግ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይወድቅበታል። ዳዶ ለመላክ ሰው ያገኛል፣ ሁለት መስመር ለመጻፍ ግን አያገኝም! ፓኬቱን ወርውሬ ሰጠሁት።

ምንጣፉን ደጃፉ ላይ አንጥፌ አየሁ። የካምቢዮውን ዘይት አፈሰሰ። የተፈጨውን አሮጌ አክስል በፌሮ ጎርጉሮ አወጣ። ፓራኦሊዮውን ነቅሎ አዲሱን በቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን ቀስ እያለ መትቶ አስገባ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስል። ቀለበቷን አክስሉ ጫፍ ላይ አስገብቶ ገፋው፤ ጠቅ አለ። «ያዘ» አለ ለራሱ። ከዚያ ትልቁ ዳዶ። ጋሮማ ገብቶ ፍሬን ረገጠ፣ ቦናያ በረጅም ቧንቧ ተንጠልጥሎ አጠበቀ። የመጨረሻው መምታቱ ነበር። መዶሻውን አነሳና ቆመ። ላቡን ጠረገ፣ ወይም ዓይኑን።

«ምነው?» አልኩት።

«ከተመታ በኋላ መመለስ የለም» አለ። መታው።

አዮ የፓኬቱን ወረቀት ከመሬት አንስተው በአራት አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ወረቀት ምን ሊያደርግላቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ እናት ግን የልጇን ጽሑፍ ትወዳለች። እኔም ወድጄው ነበር፣ ባልቆጣ።

ስለ ሒሳብ ሳነሳ ቦናያ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።


መጋቢት 19

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ተናገርኩት፣ ስለዚህ ልጻፈው። ለአዮ፣ «ልጅዎ ሌላ አግብቷል። ልውለድና ፍቺ እጠይቃለሁ። ልጁንም ዓይኑን አያይም» አልኳቸው። «የሄደበት ይቅር» አልኩ።

አዮ ከመደቡ ወርደው እግሬ ሥር ተንበረከኩ። እኚያ ኩሩ ሴትዮ! ሁለት እጄን ይዘው እየሳሙ፣ «አትርገሚው ልጄ፣ ስለ አላህ፣ አትርገሚው» አሉ።

«እናት መቼም ለልጇ ነው» አልኳቸው። ክፉ ነኝ። ሳይመልሱ ወደ ፍየሎቹ ሄዱ።

በኋላ ነጠላዬን ደርቤ ይቅርታ ልጠይቅ ተከተልኳቸው። በረቱ ውስጥ ተቀምጠው ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስረው ይንቀጠቀጡ ነበር። አላዩኝም። ተመለስኩ። የእኔ ምላስ ነው እንዲህ ያደረጋቸው።


መጋቢት 24

ረመዳን ገባ። እኔ አልጾምም። ዘርፌ በሁዳዴ ናት፣ አዮ በረመዳን፤ ሁለቱም ጾመው እኔን ያጎርሱኛል።

ቁጣዬ ሄደ። የት እንደሄደ አላውቅም። ይምጣ ብቻ። ከጅማም ይምጣ፣ ከማንም ዘንድ ይምጣ፣ አልጠይቀውም።


ሚያዝያ 3

ዘርፌ በቀን ሦስት ጊዜ ትለካኛለች። ጋሮማ መኪናዋን በየቀኑ አስነስቶ ግቢው ውስጥ ያንቀሳቅሳታል። ቀጭ የሚል ድምፅ የለም። እዚያው በረንዳው ላይ ያድራል፤ ምጥ ከመጣ ብሎ። የሰው ባል በረንዳዬ ላይ፣ የእኔ ባል የለም።


ሚያዝያ 6

ወገቤ


ሚያዝያ 9

ወንድ ነው። ትናንት ከፈጅር በፊት።

ጋሮማ ነዳ፣ ዘርፌ ይዛኝ፣ አዮ ከፊት። ግፊቴ ወጥቶ እንደነበር አሁን ነው የነገሩኝ። ተርፈናል። ልጁ አገጩ የአባቱ ነው፣ ጭቅጭቁ የእኔ ይሆናል። ሲያለቅስ አዮም አለቀሱ፣ ዘርፌም፣ ውጭ ጋሮማም። ለአንድ ልጅ ይህ ሁሉ ለቅሶ! ዓብዱልመጂድ አዛኑን በጆሮው ብለው ሳይቀመጡ ወጡ።

ለሚክዳድ ንገሩት አልኩ። ዘርፌ የግፊት መለኪያዋን አወጣች።


ሚያዝያ 14

ስም የሚወጣበት ቀን ነው። ፍየል ታረደ። አዮ አጠገቤ ቁጭ ብለው ልጁን አቅፈው፣ «ስሙን ሚክዳድ በይው» አሉኝ።

«አባቱ እያለ?» አልኳቸው።

ዘርፌ ያመጣችልኝን ብርጭቆ ሳትሰጠኝ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ዓብዱልመጂድን አየሁ። ወደ በሩ አዩ። አዮን አየሁ። አዮ ልጁን ያያሉ።

«ነገ ይወጣለታል፣ ዛሬ ደክሟታል» አለች ዘርፌ።

ደክሞኛል። አዎ። እተኛለሁ። አላሰብኩም፣ ምንም አላሰብኩም።


ሚያዝያ 15

ጎህ ሲቀድ መጡ። በሩ ሲንኳኳ ነቅቼ ነበር። ዓብዱልመጂድ፣ ሸኹ፣ ቦናያ፣ ጋሮማ፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው አብሮ የሚመጣበት ምክንያት አንድ ነው። ልጁን ለዘርፌ ሰጠኋት፣ እንዳልጥለው።

የተናገሩት ዓብዱልመጂድ ናቸው። አይሱዙው ወደራ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ተገለበጠ። ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ። እኔ ሩዝ ስቀቅል። ወደራ ቀበሩት፤ መቃብሩ ውስጥ የወረደው ጋሮማ ነው። ትናንሾቹ ዕቃዎች ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ዘርፌ ናት እስክትወልድ አይነገራት ያለችው፤ አዮ እሺ አሉ። ከተማው በሙሉ እሺ አለ።

አዮ ጮኹ። ያ ጩኸት ከጥር ጀምሮ ደረታቸው ውስጥ ነበር።

ምን ያህል ሰዓት እንዳለፈ አላውቅም። በኋላ፣ ስሰማ፣ ጋሮማ መሬት ላይ ተቀምጦ ይናገራል፤ «የየቲም፣ የሙት ልጅ ዕቃ ሆነብን እኮ፣ እህቴ። እንዴት እንያዘው? ባትሪውን አስቀድሜ መለስኩ፣ አክስሉን ግን ልጆቼን እያሰብኩ ትንሽ አቆየሁት። በዚያች ትንሽ ጊዜ እህል አልወረደልኝም» ይላል። ለዚያ ነው የመለሱት። ክሪኩም፣ ጎማውም፣ ወተቱም። እኔ ሲመጣ እንዲያየው ነው ብዬ ስቄ ነበር።

«ቁም ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ብትጨምር አትሞትም ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዓብዱልመጂድ፣ «ቀኑ ነው፣ ሸምሳ። ያንቺ ቃል አላመጣውም» አሉ። ቦናያም ራሱን ነቀነቀ። ሊያምኑልኝ አልፈለጉም። እኔ ግን ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ልምጣ ወይ ብሎ ጠይቆኛል።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲቀንስ ሸኹን ጠራኋቸው። «ዒዳዬን ከዛሬ ጀምሬ ነው የምቀመጠው?» አልኳቸው። ባሏ የሞተባት ሴት እንደምታደርገው ከቤት እንዳልወጣ፣ ሂና እንዳልቀባ፣ ለእሱ እንድቀመጥለት። ቢያንስ ይህን ላድርግለት ብዬ።

ሸኹ መሬቱን እያዩ፣ «ልጄ፣ ባሏ ሲሞት ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ዒዳዋ በወሊድ ያልቃል። ያንቺ አልቋል» አሉ።

«ሳልጀምረው?»

«አላህ የሚቆጥረው ከሞተበት ቀን ነው። ተቀምጠሻል፤ አንቺ አላወቅሽም እንጂ።»

ሂና ተቀብቼ ነው የተቀመጥኩት። እየሰደብኩት።

አሁን ሴቶቹ አንድ በአንድ ትከሻዬን እየነኩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። እነሱ በጥር አልቅሰው ጨርሰዋል፤ ቁርአኑም ተቀርቷል፣ ሶደቃውም ተበልቷል። እኔ ገና ዛሬ ጠዋት ጀመርኩ። አዮ ግን አልሄዱም። ሻሻቸውን ፈተው ከጎኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ አሁን እንደሰማ ሰው፣ ከእኔ ጋር ከመጀመሪያው ጀመሩት።